የኢራንን የጥናት ጆርናሎች ሁለት ዓመት ስጠቀም ያየሁት

"ሐበሺ" የሚለው ቃል በፋርስኛ አራት ፊደል ነው። ሐ፣ በ፣ ሸ፣ የ። በዚህች አጭር ቃል የተነሳ አንድ ሳምንት ሙሉ ግራ ገብቶኝ ከርሜያለሁ።

የማጠናው በቃጃር ነገሥታት ዘመን ኢራን ውስጥ የኖሩ ሐበሾችን ታሪክ ነው። በባርነት ተይዘው፣ ቀይ ባሕርን ተሻግረው፣ እንደ ቡሸህር ባሉ የባሕረ ሰላጤው ወደቦች የገቡ ሰዎች ናቸው። ሴቶቹ በባለጸጎች ቤት ሞግዚትና አገልጋይ ሆኑ። ከወንዶቹ አንዳንዶቹ ተሰልበው የእልፍኝ ጠባቂ ሆኑ። እናት አባት ያወጡላቸው ስም ቀርቶ "አልማስ"፣ "ያቁት"፣ "ፊሩዝ" ተባሉ። አልማዝ፣ ሩቢ፣ ፌሩዝ የሚባሉት የከበሩ ድንጋዮች ማለት ነው። ስለ እነዚህ ሰዎች ፋርስኛ ጆርናሎች ላይ የሚወጣውን ሳላነብ ጥናቴ ጎዶሎ እንደሚሆን ገባኝ። ስለዚህ ቋንቋውን ተማርኩ። ከዚያ ፍለጋ ጀመርኩ።

በስልኬ አንድ የኢራን የጽሑፍ ቋት ከፍቼ ቃሉን ጻፍኩ። ሰባት ጽሑፍ መጣ። በማግስቱ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ያንኑ ቃል በዚያው ቋት ጻፍኩ። አሥራ አንድ መጣ። ከትናንትናዎቹ ሰባት አንዱም የለበትም።

ነገሩን የፈቱልኝ የፋርስኛ አስተማሪዬ ናቸው። ሺራዝ ተወልደው ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን በቤተ መጻሕፍት ሥራ ያሳለፉ ሴት ናቸው። አሁን የሚኖሩት እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ከእኔ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ነው። ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩና "አዚዛም፣ የመጨረሻዋን ፊደል እግሯን እይው" አሉኝ። "አዚዛም" እኛ "የኔ ውድ" እንደምንለው ነው።

የዐረብኛው "የ" ቃል መጨረሻ ላይ ሲመጣ ከሥሩ ሁለት ነጥብ አለው። የፋርስኛው የለውም። ቃል መሃል ሲገቡ ዓይን አይለያቸውም። ኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ይይዛቸዋል። ስልኬ ላይ የጫንኩት የፋርስኛ ኪቦርድ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ የዐረብኛ ነው። "ከ"ም እንደዚሁ ሁለት ናት፣ የፋርስኛና የዐረብኛ። ይህን የሚያስታርቅ ድረ ገጽ አለ፣ የማያስታርቅም አለ። በፊት የተጫኑ ጽሑፎች ላይ ችግሩ ይብሳል።

ለእኛ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ሐበሻ፣ ሀበሻ፣ ኀበሻ። ዓለም፣ አለም። ሠላም፣ ሰላም። አንዱን ጽፎ ሌላውን ያጣ ሰው ችግሩን ወዲያው ይረዳዋል።

"ባርነት" የሚለው ቃል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በፋርስኛ "ባርዴ ዳሪ" ነው። ሁለቱ ክፍሎች አይጋጠሙም፣ ሙሉ በሙሉም አይለያዩም። መሃላቸው "ኒም ፋሰሌ" የሚሉት ግማሽ ክፍተት ይገባል። በዓይን የማይታይ ምልክት ነው። አንዱ ጸሐፊ ግማሹን ክፍተት ይጠቀማል። ሌላው ሙሉ ክፍተት ይመታል። ሦስተኛው ያያይዘዋል። ሦስት አጻጻፍ፣ ሦስት የተለያየ የፍለጋ ውጤት። አሁን ኮምፒውተሬ ጠርዝ ላይ የለጠፍኳት ቁራጭ ወረቀት አለች። አንድን ቃል ስንቴና እንዴት እየጻፍኩ መፈለግ እንዳለብኝ ተዘርዝሮባታል። እሷን ሳላይ ፍለጋ አልጀምርም።

ይህን ሁሉ ያልኩት ለማስፈራራት አይደለም። እንዲያውም ይህን ግምገማ የምጽፈው ብዙ ሰው እንዲገባበት ስለምፈልግ ነው። ከባሕረ ሰላጤው፣ ከየመን፣ ከሕንድ ውቅያኖስ ጋር የተያያዘ የኢትዮጵያ ታሪክ የምታጠኑ ካላችሁ እዚያ የሚጠብቃችሁ ብዙ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሌላ ካላልኩ በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ቋቶቹ።

በጣም የወደድኩት ኑርማግዝ ነው። ቆም ከተማ ያለው የእስልምና ሳይንሶች የኮምፒውተር ምርምር ማዕከል የሚያስተዳድረው ነው። ጥንካሬው የቆዩ መጽሔቶችን መያዙ ነው። ከ1979ኙ የኢራን አብዮት በፊት የታተሙ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ መጽሔቶች ገጽ በገጽ ስካን ተደርገው ተቀምጠዋል። አንድ ምሽት የአንድ ወደብ ነጋዴ ማስታወሻ ላይ የተጻፈ አሮጌ መጣጥፍ እያነበብኩ፣ ግርጌው ላይ በደቃቅ ፊደል "ካኒዘ ሐበሺ" የሚል አየሁ። ሐበሻዊት ገረድ ማለት ነው። ስሟ የለም፣ ዋጋዋ ብቻ ነው ያለው። ገጹን ለረጅም ጊዜ ሳልዘጋ ቁጭ አልኩ። ያንን ገጽ ስካን አድርጎ ያስቀመጠ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን እግዚአብሔር ይስጠው።

ሁለተኛው ኤስ.አይ.ዲ ነው። ጃሃዴ ዳኔሽጋሂ የሚባለው የኢራን የምርምር ድርጅት ነው ያቋቋመው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ጀመረ። ጽሑፉን በነፃ ማውረድ ይቻላል። ከሰብአዊ ሳይንስ እስከ ግብርና፣ ከሕክምና እስከ ምህንድስና ሁሉም አለበት። ለታሪክ፣ ለፍልስፍናና ለቋንቋ ግን እኔ "የሰብአዊ ሳይንሶች አጠቃላይ ፖርታል" የሚሉትን አስቀድማለሁ። ቴህራን ያለው የሰብአዊ ሳይንሶችና የባህል ጥናት ተቋም ያዘጋጀው ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚፈልግ ደግሞ ኢራንዶክ የሚባለውን የኢራን የሳይንስ መረጃ ተቋም "ጋንጅ" ይክፈት። ጋንጅ ማለት የተከማቸ ሀብት ማለት ነው፤ ስሙን ያገኘው በሚገባ ነው። ማግኢራን ጋዜጣም ጆርናልም ያለበት ሰፊ ማውጫ ነው፤ እኔ ብዙ የምጠቀምበት የትኛው እትም መቼ እንደወጣ ለማጣራት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ውጭ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው የየጆርናላቸው ድረ ገጽ አላቸው። አብዛኞቹ የተሠሩት ሲናዌብ በሚባል አንድ የአገር ውስጥ ሥርዓት ነው። አንዱን የለመደ ሌላውን አያጣውም። ማውጫው አንድ ዓይነት ነው። ፒዲኤፉ ያለው ያው ቦታ ነው። "ይህን ጽሑፍ ለመጥቀስ" የሚለው ቁልፍም እንዲሁ። እና ብዙው ያለ ክፍያ ክፍት ነው። በዚህ በኩል የፋርስኛ ጆርናሎች ከብዙ የአውሮፓና የአሜሪካ ጆርናሎች ይልቅ ለጋስ ናቸው። እነዚያ ለአንድ ጽሑፍ ሠላሳና አርባ ዶላር ሲጠይቁ እነዚህ በሩን ከፍተው ትተውታል።

ለይዘትና ለለጋስነት ከአምስት አራት ተኩል እሰጣለሁ። ያገኙትን በትክክል ለመጥቀስ ላለው ምቾት ግን ሁለት ነው የምሰጠው። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ስለዚህ ሁለት ነው።

ከክፍያው ልጀምር። አንዳንድ ቋት ገንዘብ ይጠይቃል። ብሩ ትንሽ ነው። አንድ ጊዜ የፈለግሁት ጽሑፍ ዋጋው ወደ ዶላር ሲመነዘር ከአንድ ስኒ ቡና ያነሰ ነበር። ግን ልከፍል አልቻልኩም። ኢራን ውስጥ ቪዛ ካርድም ማስተርካርድም አይሠራም። ክፍያው የሚያልፈው "ሸታብ" በሚባለው የአገሪቱ ባንኮች መረብ ነው። የኢራን ባንክ ካርድ ያስፈልጋል። ከዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ክፍያ አዲስ የይለፍ ቁጥር በኢራን ስልክ ይላካል። እኔ ካርዱም የለኝም፣ ስልኩም የለኝም። ለድረ ገጹ አስተዳዳሪዎች ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። መልስ የለም። በመጨረሻ የአስተማሪዬ እህት ከሺራዝ ከፍለው ፋይሉን በቴሌግራም ላኩልኝ። ቴሌግራም እዚያ ከ2018 ጀምሮ የተዘጋ ስለሆነ "ፊልተር ሸካን" የሚሉትን ማለፊያ ከፍተው ነው የላኩት። አሥራ ስምንት ገጽ ጽሑፍ ለማንበብ ሦስት ሰውና ሁለት አህጉር ተንቀሳቀሰ።

ከውጭ የማይከፈት ድረ ገጽም አለ። አንድ የክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍ ነበረኝ። አስተማሪዬ ከሺራዝ ሲያስከፍቱት ይከፈታል። እኔ ከቨርጂኒያ ስሞክር ገጹ እየዞረ ይቀራል። ይህን ጽሑፍ ጠቅሼ ሊንኩን ባስቀምጥ አንባቢዬ ምን ያገኛል? ምንም። ስለዚህ ሊንኩን ትቼ ቅጽና ቁጥሩን፣ ገጹን ብቻ አሰፈርኩ።

ቅጽና ቁጥርም ብሎ ነገር አለ። የፋርስኛ ጆርናል ሽፋን ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ቁጥር ይገኛል። "ዶውሬ" ቅጽ ነው። "ሾማሬ" የዚያ ዓመት እትም ቁጥር ነው። "ሾማሬ ፔያፔይ" ደግሞ ጆርናሉ ከተጀመረ ጀምሮ በተከታታይ የተቆጠረው ነው። አንዳንዱ በቅጽ ፋንታ "ሳል" ብሎ ዓመተ ዕድሜውን ይጽፋል። አንድ ጸሐፊ በመጀመሪያው ይጠቅሳል፣ ሌላው በሦስተኛው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጥቅስ የሚቆጥረው ማሽን ግን ሁለት የተለያየ ጽሑፍ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታት ልምጣ። የዘመን አቆጣጠር።

ኢራን የምትቆጥረው በፀሐይ ሂጅራ ነው። አዲስ ዓመታቸው ኖውሩዝ የሚገባው የፀደይ መባቻ ላይ ነው፣ በእኛ መጋቢት 12 አካባቢ። ዓመቱን ወደ ፈረንጅ ለመመለስ 621 ወይም 622 ይደመራል። እኛ 7 ወይም 8 እንደምንደምረው ማለት ነው። የት ላይ የትኛው እንደሚደመር የሚወስነው ወሩ ነው። ኢትዮጵያዊ ለሆነ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። እዚህ አገር ያሉት የክፍል ጓደኞቼ ግን እስካሁን ይጠፋባቸዋል።

አንድ እውነተኛ ጉዳይ ላሳያችሁ። በእጄ ያለ ጽሑፍ "ክረምት 1398" በሚል እትም ወጥቷል። የኢራን ክረምት የብርዱ ጊዜ ነው፤ ከዲሴምበር 2019 መጨረሻ እስከ ማርች 2020 ይዘልቃል። የጆርናሉ የፋርስኛ ገጽ 1398 ይላል። የእንግሊዝኛው ገጽ 2019 ይላል። በዚያው ጆርናል ሌላ እትም ላይ ይህንኑ ጽሑፍ የጠቀሰ ሰው 2020 ብሎታል። እኔ ለአማርኛ ማስታወሻዬ 2012 ዓ.ም. ብዬ ጻፍኩት። አንድ ጽሑፍ፣ አራት ዓመት፣ አራቱም ልክ። ጉግል ስኮላር ላይ ስፈልገው ሁለት ቦታ ተከፍሎ አገኘሁት። ጥቅሱም ተከፍሏል። ለጽሑፉ ባለቤት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የሚያስተምርበት ተቋም ዕድገት ሲሰጠው የሚቆጥረው እነዚያን ጥቅሶች ነው።

ታሪክ ለሚያጠና ደግሞ ይብሳል። የቃጃር ዘመን ሰነዶች የተጻፉት በጨረቃ ሂጅራ ነው። የቃጃሩ ንጉሥ ሞሐመድ ሻህ ባሪያ በባሕር እንዳይገባ የከለከለበት ፊርማን (የንጉሥ ትእዛዝ) የ1264 ነው፤ ያ በጨረቃ ሲሆን 1848 ይሆናል። ያንኑ 1264 በፀሐይ ያነበበ ሰው 1885 ውስጥ ይገባል። የ37 ዓመት ስህተት። ጥንቃቄ ያለው ጸሐፊ ከቁጥሩ አጠገብ ለጨረቃው "ቀ" ለፀሐዩ "ሸ" የምትል ፊደል ያኖራል። ያልተጠነቀቀ ቁጥሩን ብቻ ያሰፍራል። ባርነት በሕግ የተሻረው 1929 ላይ ሲሆን እሱ የሚጻፈው በፀሐይ 1307 ነው። በአንድ የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ በ1264 እና በ1307 መካከል 43 ዓመት ብቻ ያለ ይመስላል። በእርግጥ ግን 81 ዓመት ነው። 38 ዓመት ሙሉ ከታሪኩ ጠፋ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት የመጡ ሰዎች አሉ። እኔ የምፈልጋቸው እነሱን ነው።

አራተኛም አለ። በ1976 የኢራን ንጉሥ፣ ሻሁ፣ አቆጣጠሩን ከታላቁ ቂሮስ ዘመን እንዲጀምር አደረጉት። 1355 የነበረው በአንድ ጊዜ 2535 ሆነ። ከሁለት ዓመት ብዙም ሳይቆይ፣ በ1978፣ ተመለሰ። በዚያች አጭር ጊዜ የወጡ መጽሔቶች ሽፋናቸው ላይ 2536፣ 2537 የሚል አለ። ኑርማግዝ ላይ መጀመሪያ ሳይ የማተሚያ ቤት ስህተት መስሎኝ ነበር። አስተማሪዬ ናቸው "አይ፣ እኔ በዚያ ዓመት ነው ሥራ የጀመርኩት" ያሉኝ። የሥራ መታወቂያቸው ላይም ያ ቁጥር ነበር።

የማጣቀሻ አጻጻፋቸው ግን ደስ ይለኛል። እኛ "ዝኒ ከማሁ" የምንለውን እነሱ "ሐማን" ይሉታል። ዓመት ከሌለው "ቢ ታ"፣ አሳታሚ ከሌለው "ቢ ና"፣ ቦታ ከሌለው "ቢ ጃ"። "ቢ" ማለት "ያለ" ማለት ነው። አጭር፣ ግልጽ፣ የራሳቸው። ችግሩ የመጣው ይህ ወግ ከውጭው የቆጠራ ሥርዓት ጋር ሲገናኝ ነው።

ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ የሚባሉት ዓለም አቀፍ የጥቅስ ማውጫዎች የፋርስኛ ፊደል ማጣቀሻ እንደልባቸው አያነቡም። ስለዚህ ብዙ ጆርናሎች ጸሐፊው ዋቢዎቹን በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ፣ መጨረሻው ላይ "በፋርስኛ" የሚል ቅንፍ ጨምሮ እንዲያቀርብ ያዛሉ። በዚህም አንዳንድ ጽሑፍ ሦስት የዋቢ ዝርዝር ይኖረዋል፤ የፋርስኛው፣ የላቲኑ፣ ከዚያ የተተረጎመው። ትርጉሙን የሚሠራው ደግሞ ጸሐፊው ራሱ ነው። አርዕስቱ ውስጥ "ካኒዝ" የሚል ቃል ካለ አንዱ "ገረድ" ብሎ ይተረጉመዋል። ሌላው "ሴት ባሪያ" ይለዋል። ሦስተኛው "ቁባት" ይለዋል። ሦስቱ በሕይወት ውስጥ አንድ አይደሉም፤ ለእኔ ጥናት ልዩነታቸው ዋናው ጉዳይ ነው። ለማሽኑ ደግሞ ሦስት የተለያዩ መጻሕፍት ሆነው ቁጭ ይላሉ። እኔ በበኩሌ ትርጉሙን ትቼ የፋርስኛውን ድምፅ በላቲን ፊደል መጻፍን እመርጣለሁ። ትርጉሙ ከፈለገ በቅንፍ ይከተል።

ስምም እንደዚሁ። ኢራኖች የቤተሰብ ስም የግዴታ የሆነባቸው በ1920ዎቹ ነው፤ ስለዚህ በዚህ በኩል ከእኛ ይሻላሉ። እኔ የአባቴ ስም የቤተሰቤ ስም ተደርጎ እየተጠቀሰ ስንት ጊዜ ተናድጃለሁ። ግን ሞሐመድ በላቲን ፊደል ቢያንስ አራት ዓይነት ይጻፋል። "ሰይድ" ያለበት ሰው አንዴ በሰይድ ፊደል፣ አንዴ በራሱ ስም ፊደል ያጥራል። አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል። ለዚህ ፍቱን ያገኘሁት ኦርኪድ የሚባለው የተመራማሪ መለያ ነው። ባለ 16 አኃዝ ነው፣ የስም አጻጻፍ ቢለያይም እሱ አይለወጥም። ጸሐፊው ካለው ሁልጊዜ እሱን ተከትዬ ነው ጽሑፎቹን የምሰበስበው።

ለጽሑፎቹም መለያ አለ፣ ዲ.ኦ.አይ። የቴህራን ዩኒቨርሲቲ ጆርናሎች መለያ በ10.22059 ይጀምራል። እሱን ካገኛችሁ ግማሹ ጣጣ አለቀ፤ ቁጥሩን ጠቅ ስታደርጉ ጽሑፉ ይመጣል። አንዳንዱ ጽሑፍ ላይ ግን ዲ.ኦ.አር የሚል ታያላችሁ፣ በ20.1001.1 የሚጀምር። እሱ የኢራን የራሷ መለያ ነው። ይመሳሰላሉ። አትሳሳቱ፤ የዲ.ኦ.አይ ሳጥን ውስጥ ብታስገቡት አይሠራም።

የራሳቸውን ሥርዓት ለምን መሥራት እንዳስፈለጋቸው ለማወቅ ትንሽ ወደ ኋላ ማየት ይጠቅማል። በ2003 የአሜሪካ ግምጃ ቤት ከኢራን የመጣን ጽሑፍ አርትዖት መሥራት ፈቃድ ያስፈልገዋል ብሎ ነበር። ሰዉ ስለተቃወመ በዓመቱ ላላ። በ2013 ኤልዘቪር የተባለው ትልቁ የጆርናል አሳታሚ ለአሜሪካዊ አርታኢዎቹ በኢራን መንግሥት ሠራተኞች የተጻፈ ጽሑፍ እንዳይዙ አሳሰበ። ውጭ ጆርናል ላይ ለመታተም የሚከፈለውን ደግሞ በኢራን ካርድ መክፈል አይቻልም። እኔ ስኒ ቡና የማትሞላ ገንዘብ መክፈል ያቃተኝ ያ ግድግዳ በወዲያኛው በኩልም አለ። ሺራዝ ያለው የእስላሙ ዓለም ሳይንስ የጥቅስ ማዕከል ይህን ክፍተት ለመሙላት የተሠራ ነው። የፋርስኛና የዐረብኛ ማጣቀሻዎችን በራሳቸው ፊደል ያነባል፣ ለጆርናሎቹም የራሱን ነጥብ ያወጣል። በእኔ ዕይታ ትልቅ ሥራ ነው። ከኢራን ውጭ ያለ ዩኒቨርሲቲ ቢያየው ብዙ ይጠቀም ነበር።

ጥሩ ያልሆነውንም መናገር አለብኝ። ዕድገትና ዲግሪ በታተመ ጽሑፍ ቁጥር ሲለካ ገበያ ይፈጠራል። ቴህራን ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ኤንቄላብ ጎዳና ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ እንሸጣለን የሚሉ ማስታወቂያዎች በግልጽ ይለጠፉ ነበር። በ2016 ስፕሪንገርና ባዮሜድ ሴንትራል የተባሉት አሳታሚዎች የኢራን ደራሲዎች ያሉባቸውን 58 ጽሑፎች በአንድ ጊዜ ሰረዙ። በ2017 ፓርላማው ይህን ንግድ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ይህ ሁሉ የጎዳው በሐቅ የሚሠራውን ነው። የእኔ አማካሪ ፕሮፌሰር የመጀመሪያ ረቂቄን አይተው "የፋርስኛ ዋቢዎችሽን ቀንሺ፣ ገምጋሚዎች አያምኑም" ብለውኝ ነበር። አልቀነስኩም። እያንዳንዱን አንብቤ፣ ገጹን ስካን አድርጌ፣ አባሪ አድርጌ አቀረብኩ።

ለሥራው የምጠቀምበት ዞተሮ የሚባል ማጣቀሻ የሚያደራጅ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ ከ2006 ጀምሮ አለ። ለፋርስኛ ስትጠቀሙበት አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ዓመት የሚለው ቦታ ላይ የፈረንጁን አስገቡ፣ አለበለዚያ ቅደም ተከተሉ ይበላሻል። "ኤክስትራ" የሚለው ሳጥን ውስጥ ደግሞ በእንግሊዝኛ "Original Date:" (የኦሪጂናል ዓመት) ብላችሁ የኢራኑን ጨምሩ። እንደዚያ ሲሆን ሁለቱም ይያዛል። አንድ ሰነድ በአንድ ቋንቋ ሥርዓት ብቻ ስለሚሠራ "እና ሌሎች" የሚለው ለፋርስኛውም ለእንግሊዝኛውም አንድ ዓይነት ሆኖ ነው የሚወጣው። እሱን መጨረሻ ላይ በእጅ ማስተካከል ነው። እኔ ሁሉን ነገር ከጨረስኩ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ለዚህ እመድባለሁ።

ባለፈው ወር ምዕራፍ ሁለትን ጨርሼ ለአስተማሪዬ ወሰድኩላቸው። ሻይ ቀድተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ የፋርስኛ ዋቢዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ሁለት "ቀ" አጉድዬ ነበር፣ አረሙኝ። ከዚያ ወደ አማርኛ መጻሕፍቱ ወረዱ። አማርኛ አያነቡም፤ ቁጥሩን ግን ያያሉ። አንዱ ላይ ጣታቸውን አኖሩ። 1962 ይላል።

"ይሄ የእናንተ ነው የፈረንጅ?"

የእኛ ነበር። ለራሴ ግልጽ ስለሆነ "ዓ.ም." የሚለውን ትቼው ነበር። ሌሎቹንም እንደዚያው። እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ቁጭ ብዬ ሃያ ሦስቱንም የአማርኛ መጻሕፍት ማስተካከል ጀመርኩ። ዘጠኙ የታተሙበትን ወር አይናገሩም፤ ለእነሱ ሁለቱንም የፈረንጅ ዓመት ዘንበል ባለ መስመር ለይቼ ጻፍኩ። 1962 ዓ.ም.፣ ከዚያ 1969/70። እሳቸው ሻዩን ደግመው ቀዱ።